በዓሉ ግርማ፦ ያየውን የጻፈ ሰው



ፈተና አልቆ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ከብዙዎቻችን ቦርሳ አንድ ልብ ወለድ አይጠፋም። መድረሳ ቀርተን ያደግን ልጆች ግን መጽሐፉን ሰው ፊት ስናወጣ ትንሽ እንሳቀቃለን። ልብ ወለድ ውሸት ነው፣ ጊዜ ይበላል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ጊዜ የሚበሉ ልብ ወለዶች መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን እውነት ለመናገር የተጻፈ፣ ጸሐፊውን ከባድ ዋጋ ያስከፈለ ልብ ወለድም በአገራችን አለ። በዚህ እትማችን የጸሐፊውን ሕይወት እናስታውሳለን፤ ሥራዎቹንም ለእረፍታችሁ እንጠቁማለን።

በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ከህንድ የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ዘርዐ ያዕቆብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ጎበዝ ስለነበረም ጄኔራል ዊንጌት የመማር ዕድል አገኘ። ከዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ሲመለስ ሥራው ጋዜጠኝነት ሆነ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መርቷል።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ዘመድ በአንድ በኩል ሥራህን ያዝ፣ አግባ፣ ቤት መሥርት ይለዋል፤ ምኞቱ በሌላ በኩል ይጎትተዋል። ቤተሰብ ኢንጂነር ሁን ብሎ የላከን ልጆች ይህን መጽሐፍ ስናነብ የራሳችንን ቤት ጨዋታ የሰማን ይመስለናል። በ1966 ዓ.ም. የህሊና ደወልን አስከተለ። ከተማን ትቶ ገጠር ገብቶ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚታገል መምህር ታሪክ ነው። በዓሉ ይህንኑ ታሪክ አስፋፍቶ በ1975 ዓ.ም. ሀዲስ በሚል ርዕስ እንደገና አሳተመው፤ ቦታውንም የትውልድ አካባቢውን ሱጴን አደረገው። በመካከሉ የቀይ ኮከብ ጥሪንና ደራሲውን አውጥቷል።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዓሉ ከመንግሥት ርቆ የሚተች ሰው አልነበረም። ደመወዙም ወንበሩም ከመንግሥት ነበር፤ የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ ማድረስም የዕለት ሥራው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት እሱም ለቅስቀሳው ሥራ አስመራ ወረደ። ዘመቻው ጦርነቱን አንዴ ለመጨረስ፣ የአማፅያኑን ምሽግ ናቅፋን ለመያዝ የታቀደ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ረገፉ፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም።

በዓሉ ከዚያ ሲመለስ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ሌላው ያየውን መጻፍ ነው። እሱ ጻፈ። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ቃል ነው፤ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለቅስቀሳ ወደ አስመራ ይሄዳል፤ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ የባለሥልጣናቱን ፉክክርና የዘመቻውን መክሸፍ በዓይኑ ያያል። አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ እውነተኞቹን ባለሥልጣናት ለመለየት አልተቸገረም።

መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ አላገኙም። የተሰበሰበው ኦሮማይ ግን አልጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲዞር ኖረ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በግልጽ እንደገና ታተመ።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳን? በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችን ወይም በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆምና እንድንመሰክር ማዘዙን በመድረሳ ተምረናል። በዓሉ የእኛ እምነት ተከታይ አልነበረም። ሆኖም በገዛ መሥሪያ ቤቱ፣ በገዛ አለቆቹ፣ በራሱም ሥራ ላይ መስክሯል። እኛም ነገ ተመርቀን መንገድና ድልድይ ስንረከብ፣ ሲሚንቶው የጎደለውን ሥራ ሙሉ ነው ብለን እንድንፈርም የምንጠየቅበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን የምንሰጠው መልስ ዛሬ ከምንማረው፣ ከምናነበውም ጭምር ነው የሚገነባው።

ማንበብ ለምትጀምሩ እህት ወንድሞች ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እንመክራለን፦ መጀመሪያ ከአድማስ ባሻገር፣ ቀጥሎ ሀዲስ፣ በመጨረሻ ኦሮማይ። በመጻሕፍቱ ውስጥ መጠጥ ቤትም፣ ዲናችን የማይፈቅደው የፍቅር ግንኙነትም አለ፤ ቀድማችሁ እወቁት። ፍሬውን ከገለባው ለይቶ ማንበብ የአንባቢው ድርሻ ነው። ሶላት ሳያልፍ፣ ቂርአትም ሳይስተጓጎል አንብቡ፤ ጨርሳችሁም ለጓደኛችሁ አውሱ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።