ሐራልድ ብሉቱዝ፤ ጥርሱ የጠቆረው ንጉሥ

በኪሳችን ባለው ስልክና በጆሯችን በምንሰካው ማዳመጫ መካከል ያለ ሽቦ ድምፅ የሚያመላልሰውን ዘዴ ሁላችንም ብሉቱዝ ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ጥርስ ማለት እንደ ሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ጥርሱ የማን እንደ ሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ጥርሱ ከሺህ ዓመት በፊት በዴንማርክ የነገሠው የሐራልድ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የዚህን ንጉሥ ሕይወትና ስሙ በዚህ ዘዴ ላይ የወጣበትን ምክንያት ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሐራልድ የንጉሥ ጎርምና የንግሥት ቲራ ልጅ ነው። የቤተ ሰቡ መቀመጫ በዩትላንድ ምድር የምትገኘው የሊንግ ነበረች። አባቱ በ958 ገደማ ሲሞት ዙፋኑን ወረሰ። የወረሰው አገር ግን የተጠቃለለ አልነበረም። ዴኖች ቋንቋቸው አንድ ቢሆንም በየደሴቱና በየባሕሩ ዳር ለየራሳቸው ባላባት ያደሩ ነበሩ፤ የሚያመልኩትም ኦዲንንና ቶርን ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ ብርቱው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኦቶ ተቀምጦ ነበር። ጎረቤቱ አረማዊ መሆኑ ለእንዲህ ያለው ኀይለኛ ጥሩ የጦርነት ሰበብ እንደሚሆንለት ሐራልድ ሳይገነዘብ አልቀረም።

በ965 ገደማ ሐራልድ ክርስትናን ተቀበለ። የዘመኑ ሳክሶናዊ መነኵሴ ዊዱኪንድ እንደ ጻፈው፣ በግብዣ ላይ ስለ አማልክት ክርክር ተነሣ። ፖፖ የሚባል ካህን የጋለ ብረት በእጁ ተሸክሞ እጁን ሳይቃጠል ስላሳየ ንጉሡ አመነ ይላል። ተአምሩን ለሚያምንበት እንተወውና፣ ጥምቀቱ ከደቡብ ይመጣ የነበረውን የጦር ሰበብ እንዳሳጣ ግን ልብ እንበል። ከዚያም ሐራልድ በየሊንግ 10 ቶን ያህል የሚመዝን ድንጋይ አቆመ። በአንዱ ገጽ የክርስቶስን ሥዕል አስቀረጸ፤ በሩን ፊደልም ድንጋዩን ለአባቱና ለእናቱ መታሰቢያ እንዳቆመ፣ ዴንማርክን ሁሉና ኖርዌይን እንደ ያዘ፣ ዴኖችንም ክርስቲያን እንዳደረገ አስጻፈበት። ዛሬ ዴኖች ይህን ድንጋይ የአገራቸው የልደት ምስክር ወረቀት ይሉታል።

ሐራልድ ታላቅ ሠሪም ነበር። በደቡብ ወሰን ያለውን የዳነቪርከን የአፈር ግንብ በ968 ገደማ አጠናከረ። በ980 ገደማ ደግሞ በራቭኒንግ ረግረግ ላይ ርዝመቱ 760 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ የእንጨት ድልድይ አሠራ። በዚያው ጊዜ ትሬለቦርግ፣ ፊርካትና አገርስቦርግ የተባሉት ክብ ምሽጎች በአንድ ፕላን ተሠሩ፤ እያንዳንዱም አራት በር አለው። ይህን ስናደንቅ ግን ዛፉን የቈረጠውና አፈሩን የተሸከመው ማን እንደ ነበረ አንርሳ። ድልድዩን የቈፈሩት ሊቃውንት አንድ ጊዜ እንኳ የታደሰበትን ምልክት አላገኙም፤ ምሽጎቹም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተተዉ። ንጉሡ ያዘዘው ተሠራ፤ ከንጉሡ በኋላ ግን የሚጠግነው አልተገኘም።

ቀዳማዊ ኦቶ በ973 ከሞተ በኋላ ሐራልድ በ974 ከልጁ ከዳግማዊ ኦቶ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። በኖርዌይ በስሙ ይገዛ የነበረው ሐኮንም ከዳው። በ985 ወይም በ986 ገደማ የገዛ ልጁ ስቬን ዐመፀበት። ሐራልድ ቈስሎ በባልቲክ ባሕር ዳር ወደሚኖሩት ስላቮች ሸሸ፤ በዚያም ሞተ። አገርን ያጠቃለለው ሰው ቤቱን ማጠቃለል ተሳነው! ሆኖም ስቬን አባቱን ቢያሳድድም መንግሥቱን መልሶ አልከፋፈለውም፤ ክርስትናም ከአገሩ አልጠፋም።

ሰማያዊ ጥርስ የሚለው ቅጽል በጽሑፍ የተገኘው በ12ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከሞተና ከጠቆረ ጥርስ የመጣ ነው ይባላል። ስሙ እንደገና የተነሣው በ1997 ነበር። የስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ በሉንድ ከተማ በ1994 ሽቦን የሚተካ ርካሽ የአጭር ርቀት ራዲዮ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ኢንቴልና ኖኪያም በየፊናቸው ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸው። ሁሉም በየራሱ ቢሄድ የአንዱ መሣሪያ የሌላውን እንዳይሰማ ተሰጋ። የኢንቴሉ መሐንዲስ ጂም ካርዳክ ስለ ቫይኪንጎች የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነብ ሐራልድን አገኘና ስሙን ለጊዜው እንጠቀምበት አለ። ለቋሚነት የታሰቡት ስሞች በንግድ ምልክት ሕግ ምክንያት ስላልተሳኩ የጊዜው ስም ጸንቶ ቀረ። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኢንቴል፣ ኖኪያ፣ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ ማኅበር መሠረቱ። ምልክቱም የሐራልድና የቅጽሉ መነሻ ፊደሎች የሆኑት ሁለት ሩኖች ተጣምረው የተሠራ ነው።

ይህ ራዲዮ የሚሠራው በብዙ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ በሚያዘው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። በመጀመሪያው አሠራሩ 10 ሜትር ያህል እንዲደርስ የታሰበ ሲሆን፣ ከሌላ ሞገድ ጋር እንዳይጋጭ በ79 መስመሮች ላይ በሴኮንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። አንዱ መሣሪያ መሪ ሆኖ እስከ 7 ተከታዮችን በአንድ ጊዜ ያስተባብራል። እያንዳንዱ ኩባንያ ዕቃውን በራሱ ስምና በራሱ መልክ ይሸጣል፤ አንድ የሆኑት በመግባቢያው ደንብ ነው።

እንግዲህ ከሐራልድ ሕይወት የምንማረው ይህ ይመስለናል። በትእዛዝ የቆመው ድልድይና ምሽግ በሰሳ፤ ሕዝቡ የራሱ ያደረገው እምነትና የአገር ስም ግን እስከ ዛሬ ዘለቀ። እኛም ነገ በየሙያችን አንድነትን እናመጣለን ብለን ስንነሣ፣ የምንሠራውን ድልድይ ማን እንደሚጠግነው አስቀድመን እንጠይቅ።