ትንሿን ቡድን ትልቁ ሜዳ ላይ ያቆሙት ይድነቃቸው ተሰማ

የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ጨዋታ ሲቀር የትንሽ ክለብ ኑሮ ምን እንደሚመስል የኳስ ሰው ያውቀዋል። በባሌ ደጋ አጋርፋም ይሁን ሮቤ፣ ወይም ባሕር ማዶ በአንዲት የዌልስ መንደር፣ ነገሩ ያው ነው። ማሊያው ነትቧል፣ ለዳኛ የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሁለት ተጫዋች ተጎድቷል፣ ሰንጠረዡ ደግሞ ምሕረት የለውም። ግን ትንሹ ክለብ አንድ ነገር አለው። ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሜዳ ሲገባ እንደ ትልቁ ክለብ 11 ሰው ያሰልፋል፤ ካሸነፈ ደግሞ ነጥቡን የሚከለክለው የለም።

ይቺ መብት ዛሬ ተራ ነገር ትመስላለች። በኢትዮጵያም በአፍሪካም ግን በነጻ የተገኘች አይደለችም። ለእሷ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ተልከው መኪና የተማሩ፣ እዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹና በቅኔያቸውም አንቱ የተባሉ ሰው ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ ክራር ቢያነሳ ማንም አይገረምም ነበር። ልጁ ግን ያነሳው ኳስ ነው።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚውሉ ወጣቶች አንድ ቡድን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ መካከል ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ይጠቀሳሉ። ስሙም ከደብሩ ተወስዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ኳስን በወጉ ይጫወቱ የነበሩት ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎች የውጭ ዜጎች ናቸው። የአገሬው ልጆች የራሳቸው የሚሉት ቡድን ሲያገኙ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ማሊያውን የለበሱት ያኔ ነው፤ የሰቀሉት ከ23 ዓመት በኋላ።

ቡድኑ አምስት ወር ሳይሞላው ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ ለሸገር ደርቢ ስታዲየም የሚሰለፍ ወጣት ላያውቀው ይችላል። ፋሺስቶች ኳስን አልከለከሉም፤ ከፋፈሉት እንጂ። ነጭ ከነጭ፣ ሐበሻ ከሐበሻ ይጫወት ተባለ። የሁለቱ ቡድኖች አንድ ሜዳ ላይ መጋጠም ክልክል ሆነ። ጊዮርጊስም ስሙን እንዲለውጥ ተገዶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር»፣ ቀጥሎም «ስድስት ኪሎ» ተባለ። ተጫዋቹ ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል ክለብ የለም። ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ወጣትነት የተሻገሩት በዚህ ዓይነቱ ኳስ ውስጥ ነው። በኋላ በየስብሰባው በቆዳ ቀለም የሚለይ ቡድን ሲነሳ ለምን እንደዚያ ይግሉ እንደነበር ለማወቅ ከዚህ የራቀ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ጣልያን ከተባረረ በኋላ ጊዮርጊስ ስሙን አስመለሰ። ግን ስም ብቻውን ሊግ አይሆንም። የጨዋታ ሕግ የሚያውቅ ጥቂት፣ የሚመዘግብ የለም፣ ውድድር የሚያወጣ የለም። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ይድነቃቸው ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆኑ። ገና የ22 ዓመት ወጣት ናቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ጎል ያገባሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ወረቀት ላይ ናቸው። የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ አጋርፋ ላይ የሚያጫውት ዳኛ «ፍጹም ቅጣት ምት» ብሎ ሲያፏጭ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። ቡድኖቹ አምስት ብቻ ናቸው። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የብሪታንያ ጦር ሚሲዮን ቡድን እና የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ልብ በሉ፤ በገዛ አገሩ ዋና ከተማ የአገሬው ቡድን ከአምስት አንድ ነው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ይሁንና ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፎርቲቱዶ ዓይነት ቡድን ጋር አንድ ሜዳ መርገጥ የተከለከሉት ልጆች አሁን እኩል ተመዝግበው፣ እኩል ነጥብ እየተሰጣቸው ተጫወቱ። ሊጉን ለማንሳት ጊዮርጊስ እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደጋፊው በጣቱ እየቆጠረ ይነግራችኋል።

ስለ አጥቂነታቸው የሚጠቀሰው ቁጥር 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል ነው። የዘመኑ አመዘጋገብ እንደዛሬው እንዳልሆነ እየታወቀ እንኳ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በ1950 ዓ.ም. ጫማቸውን ሲሰቅሉ ግን የሕይወታቸው ትልቁ ግጥሚያ ከተጀመረ ቆይቷል፤ እሱም የሚካሄደው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ሰኔ 1948 ዓ.ም. በሊዝበን የፊፋ ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ሰዎች ለአፍሪካ የራሷ ማኅበር ለማቋቋም መከሩ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ተወለደ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። አራት አገር ብቻ ያለው ማኅበር ነው፤ ከአራዳው የ1936 ሻምፒዮና እንኳ በአንድ ቡድን ያንሳል!

እዚያው ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ፈተና መጣ። ኢትዮጵያ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ናት። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ያለበት ቡድን እልካለሁ እንጂ ቅልቅል አልልክም አለች። ለይድነቃቸው ይሄ አዲስ ዜና አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ በልጅነታቸው የኖሩበት ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፣ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አጥቂ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይም በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። በወረቀት ያሸነፈው ሰው በሜዳ ገና አላሸነፈም ነበር።

ጊዜው ደረሰ። ጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነው፣ አሠልጣኙም ይድነቃቸው ተሰማ። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ሉቺያኖ ቫሳሎ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ መለሰ፣ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሌላ ሆኖ 4 ለ 2 አሸነፈ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ነው፤ ሁለቱንም ዋንጫ ወስዳ ሦስተኛውን ልትጨምር ከመጣችው ግብፅ ጋር።

በዳዊ አገባ። ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ፣ በደቂቃ ውስጥ፣ በዳዊ ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አራተኛውን አከለ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከጣልያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ አምበል፣ በአንድ ወቅት ጣልያንና ሐበሻ አብረው እንዳይጫወቱ በተከለከለበት ከተማ። አሠልጣኙ ይሄን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት ነው።

አሁን ወደ ዌልስ ጉዳይ እንመለስ፤ ያለ ነገር አልተነሳችም። ለ1958 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካና ለእስያ በጋራ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የኢትዮጵያን ማመልከቻ ፊፋ ሳይቀበለው ቀረ። ሱዳንና ግብፅን ጨምሮ የቀሩት አገሮች ከእስራኤል ጋር አንጫወትም ብለው ወጡ። ፊፋ እስራኤል አንድም ሳትጫወት እንድታልፍ ስላልፈለገ ከአውሮፓ ዕጣ አወጣ፤ ዕጣው በመጨረሻ ዌልስ ላይ አረፈ። ዌልስ በደርሶ መልስ 2 ለ 0፣ 2 ለ 0 አሸንፋ ስዊድን ሄደች፣ ሩብ ፍጻሜ ደርሳ በወጣቱ ፔሌ ጎል ተሰናበተች። የዌልስ ልጆች ጥፋት የለባቸውም፣ ዕድላቸውን ተጠቀሙበት። ግን የሁለት አህጉር ቦታ በዕጣ ለአንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር ሄደ። ይቺው ትንሽ አገር በጨዋታው ሕግ አውጪ ቦርድ ውስጥ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከሰሜን አየርላንድ እኩል የራሷ ድምፅ አላት፤ አፍሪካ የሚባል አህጉር በስሙ አንድም የለውም።

ይድነቃቸውና እንደ ጋናው ኦሄኔ ጃን ያሉ ባልደረቦቻቸው የያዙት ክርክር ይሄ ነው። ለ1966ቱ ዋንጫም አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ በአንድ ቦታ ተፋለሙ ሲባል አፍሪካውያኑ በሙሉ ጥለው ወጡ። ፊፋ ተቆጣ፣ ቅጣትም ጣለ። በ1970 ግን ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጠ፤ ሞሮኮም ሄደች።

በ1972 እ.ኤ.አ. ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያ ወንበር ቆዩ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። በ1974 ጆአዎ ሃቬላንጅ የፊፋን ወንበር ሲይዙ የአፍሪካ ድምፅ ነበረበት፤ ያ ድምፅ ደግሞ በነጻ አልተሰጠም። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። የዓለም ዋንጫው 24 ቡድን ሲሆን ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ደረሳት። በ1982 ስፔን ላይ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ስትመለስ፣ ቦታ ቢሰጣቸው ምን ያደርጋሉ ይሉ የነበሩት ዝም አሉ።

ሁሉም ነገራቸው ትክክል ነበር ማለት አይቻልም። በውጭ አገር የሚጫወቱ ልጆችን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ ማሰለፍ የሚከለክለው ደንብ በእሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ለዓመታት ሠርቷል። ዓላማው የአገር ቤቱን ሊግ ማዳን ነበር፣ ግን ብዙ ጥሩ ተጫዋች ከመድረኩ አርቋል። የሲጋራና የአልኮል ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድር ላይ እንዳይታይም ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከሩ ነበር። ካፍ ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ይሄ አቋም የተወደደ አልነበረም። የዛሬው ሰው ግን ማሊያዎቹን አይቶ የራሱን ፍርድ ይስጥ።

በገዛ አገራቸው ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በተዘጋጀው ዋንጫ ኢትዮጵያ ከምድቧ አላለፈችም፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ናት። በ1982 ሊቢያ ላይ ከምድቧ መጨረሻ ሆና ተመለሰች። ዳግም የአፍሪካ ዋንጫን ለማየት እስከ 2005 ዓ.ም. 31 ዓመት ጠበቀች። አህጉሩን ያሳደጉት ሰው ቤታቸው ውስጥ ያለው ቡድን ሲደክም እያዩ ነው የኖሩት።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ፤ 66 ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርቶ ነበር። ልጆች ቡሄ በሉ እያሉ በየደጁ የሚዞሩበት ዕለት ነው። በእንቁጣጣሽ የተወለደው ሰው በቡሄ ሄደ።

ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት መጀመሪያ 1996፣ የአፍሪካ ዋንጫ ጆሃንስበርግ ላይ ተጠናቀቀ። ደቡብ አፍሪካ በማርክ ዊሊያምስ ሁለት ጎሎች ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው ቆመዋል። ዋንጫውን ወደ ላይ ያነሳው አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው፣ በዙሪያው የሚዘሉት አብዛኞቹ ጓደኞቹ ጥቁር። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ ልትገጥመው የጠበቀችው ቅልቅል ቡድን በ39 ዓመቱ ሜዳ ገባ።