ሣጥኑን ያስቀደመው ዣክ ኩስቶ

ገንዘቤን ሁሉ ቪዲዮ ካሜራው ላይ አፍስሼ፣ ውኃ እንዳይነካው የምከትበትን ሣጥን ግን ያገኘሁትን ርካሽ ገዝቼ ጅቡቲ ወረድኩ። ሐሳቤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለመቅረጽ ነበር። ገና ጥቂት ሜትር እንደጠለቅኩ በሣጥኑ መስተዋት ሥር ውኃ ተጠራቅሞ አየሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ክዳኑን ስዘጋ ጎሚኒው ላይ የተጋደመችውን አንዲት ፀጉር አላየኋትም። ካሜራው በዚያው ቀረ። የፈረንሣዊውን የዣክ ኢቭ ኩስቶን ታሪክ በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ከዚህ ኪሳራ በኋላ ነው።

ኩስቶ እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1910 ቦርዶ አቅራቢያ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተወለደ። የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ለአውሮፕላን አብራሪነት ሲሠለጥን፣ በ1936 የደረሰበት የመኪና አደጋ እጆቹን ሰባብሮ ሕልሙን አጨናገፈበት። ክንዶቹን ለማጠንከር ቱሎን አካባቢ ሲዋኝ፣ ባልደረባው ፊሊፕ ታዬ የዋና መነጽር ሰጠው። ከውኃው በታች ያየው ዓለም የቀረውን ዕድሜውን ወሰነለት።

በ1942 ፈረንሣይ በጦርነት ላይ ሳለች የመጀመሪያውን የውኃ ውስጥ ፊልሙን ሠራ። ካሜራው በ25 ዶላር የገዛት አሮጌ ኪናሞ ነበረች። ሊዮን ቬሽ የተባለ መካኒክ ግን ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ሣጥን ሠራላት። የሲኒማ ፊልም ስለጠፋ ለፎቶግራፍ የሚያገለግሉ አጫጭር ጥቅልሎችን በጨለማ ክፍል እየቀጣጠለ ተጠቀመ። ቀረጻው እስከ 18 ሜትር ጥልቀት፣ ትንፋሽን በመያዝ ብቻ የተከናወነ ነው። በ1943 ደግሞ ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር ጠላቂው በሳበ ቁጥር አየር የሚሰጠውን መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ውስጥ ተረጋግቶ መቅረጽ ተቻለ።

ካሊፕሶ በተባለችው መርከቡ ከ1951 ጀምሮ ወደ ቀይ ባሕር ተመላልሷል። ከሉዊ ማል ጋር የሠራው «የዝምታው ዓለም» በ1956 የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ ቀጥሎም ኦስካርን አገኘ። በ1963 ሱዳን ጠረፍ አጠገብ በሻአብ ሩሚ ጠላቂዎቹ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በተሠራ ቤት ለአንድ ወር ኖረዋል።

ሰውዬው ግን ቅዱስ አልነበረም። በዚያው በተሸለመው ፊልም ላይ ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ፣ ሻርኮችንም በጭካኔ ሲገድሉ ይታያል። ከዓመታት በኋላ ኩስቶ የባሕር ተከራካሪ ሆነ፤ በ1960 የኑክሌር ቆሻሻ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንዳይጣል ተሟገተ፣ በ1973 በስሙ የሚጠራውን ማኅበር አቋቋመ። በ1979 የሙያ ወራሹን ልጁን ፊሊፕን በአውሮፕላን አደጋ አጣ። እሱም በጁን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

እኔም ድጋሚ ልገዛ ስነሳ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። በመጀመሪያ እስከ ስንት ሜትር እንደምጠልቅ ወሰንኩ፤ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራልና ሣጥኑ ከዚያ የበለጠ መቻል አለበት። ቀጥሎ የካሜራው ቁልፎች ከውጭ በቀላሉ የሚነኩ መሆናቸውን አየሁ። ካሜራውን የመረጥኩት በመጨረሻ ነው፤ ለሣጥኑ ልክ የሚሆነውን። ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ስለሚጠፋ፣ በተረፈኝ ገንዘብ መብራት ጨመርኩ።

አሁን ጎሚኒውን ጠርጌ፣ ቅባቱን ቀብቼ፣ ሣጥኑን መጀመሪያ ባዶውን አጠልቀዋለሁ። ደርቆ ከወጣ ብቻ ካሜራው ይገባል። ከኩስቶ የወሰድኩት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ጥሩ ምስል አገኛለሁ ብዬ ኮራል አልነካም።