ኮክሳኪ ቫይረስን ያገኙት ዶክተር ጊልበርት ዳልዶርፍ

ልምሻ ወይም ፖሊዮ የዓለም ወላጆች ዋነኛ ስጋት በነበረበት ዘመን፣ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ሕፃን ሁሉ በዚሁ በሽታ እንደተያዘ ይገመት ነበር። የፖሊዮ ቫይረስ የሚያጠቃው ጡንቻን የሚያዙትን የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ነው። ጡንቻው የሚሟሽሸውም ትእዛዝ የሚያደርስለት ነርቭ ስለሚሞት በመሆኑ የተመራማሪዎች ትኩረት በአመዛኙ በነርቭ ላይ ያረፈ ነበር።

አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ጊልበርት ዳልዶርፍ ግን ነርቭን ሳይነካ ጡንቻን በቀጥታ የሚያወድም ቫይረስ መኖሩን ገና በተወለዱ የአይጥ ልጆች ላይ አሳይተዋል። ይህ ግኝታቸው ቫይረስ በጡንቻ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት መንገድ የከፈተ ሲሆን፣ የመዛል ምልክት ያለበትን ሕፃን በዓይን በማየት ብቻ ፖሊዮ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻልም አስገንዝቧል።

ዳልዶርፍ እ.ኤ.አ በ1900 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው እ.ኤ.አ በ1924 ከተመረቁ በኋላ የሙያ ዘርፋቸው ያደረጉት ፓቶሎጂን፣ ማለትም በሽታ በሰውነት ሕብረ ሕዋስ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚመረምረውን የሕክምና ክፍል ነው። በኒውዮርክ ግዛት ዌስትቸስተር አውራጃ በሚገኘው የግራስላንድስ ሆስፒታልም ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

የመጀመሪያዎቹ የምርምር ሥራዎቻቸው በቫይታሚን እጥረት በሚመጡ በሽታዎች ላይ ያተኮሩ ነበሩ። በዚሁ ርዕስ ከዋልተር ኤዲ ጋር የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1937 ለኅትመት በቅቷል።

ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸውን ወደ ቫይረሶች አዞሩ። እ.ኤ.አ በ1938 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ አስቀድመው በሌላ ቫይረስ የተያዙ ጦጣዎች ፖሊዮ ሲሰጣቸው ሕመሙ እንደማይበረታባቸው ተመለከቱ። በአንድ አካል ውስጥ የተገናኙ ሁለት ቫይረሶች አንዱ የሌላውን ጉዳት ሊለውጥ እንደሚችል የተረዱበት ይህ ምርምር ለኋላ ሥራቸው ጠቃሚ ስንቅ ሆኗቸዋል።

እ.ኤ.አ በ1945 በአልባኒ ከተማ የሚገኙትን የኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪዎች በዳይሬክተርነት እንዲመሩ ተሾሙ። በወቅቱ የፖሊዮ ምርምር የሚካሄደው በዋነኝነት በጦጣዎች ላይ ነበር። ጦጣ ደግሞ ዋጋዋ ውድ፣ አያያዟም አስቸጋሪ በመሆኑ ጥቂት ናሙናዎችን እንጂ የብዙ ሕሙማንን ናሙና ለመመርመር አያስችልም ነበር። ዳልዶርፍ ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት በትንንሽ እንስሳት ላይ የሚሠራ ዘዴ ማፈላለግ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ በ1947 ከአልባኒ በስተደቡብ በሐድሰን ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው የኮክሳኪ ከተማ ፖሊዮ የሚመስል ሕመም ተከሰተ። ዳልዶርፍና የሥራ ባልደረባቸው ግሬስ ሲክልስ የሽባነት ምልክት ከታየባቸው ሁለት ልጆች የሰገራ ናሙና ወስደው፣ ባክቴሪያ በማያልፍበት ማጣሪያ ካጣሩ በኋላ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ብቻ ለሆናቸው የአይጥ ልጆች በመርፌ ሰጡ። የአይጥ ልጆቹ ሰውነታቸው ዝሎ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ያደጉ አይጦች ግን ያው ናሙና ቢሰጣቸውም አልታመሙም።

የፓቶሎጂ ባለሙያው እንደ ልማዳቸው የእንስሳቱን ሕብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ፖሊዮ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ መታየት ነበረበት። የተገኘው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ከአጥንት ጋር ተያይዘው ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በስፋት ወድመዋል። የአይጥ ልጆቹ የዛሉት ነርቮቻቸው ሞተው ሳይሆን ጡንቻዎቻቸው ራሳቸው በቫይረሱ ተጠቅተው ነበር። ግኝቱ እ.ኤ.አ በ1948 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ታትሞ ወጣ፤ ቫይረሱም ናሙናው በተወሰደባት ከተማ ስም ኮክሳኪ ተብሎ ተሰየመ።

ከዚያ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎችም በተመሳሳይ ዘዴ ተዛማጅ ቫይረሶችን አገኙ። ቫይረሶቹም በአይጥ ልጆች ላይ በሚያደርሱት ጉዳት መሠረት በሁለት ምድብ ተከፈሉ። ኤ የተባለው ምድብ የሰውነትን ጡንቻ በስፋት በማጥቃት መዛልን ያስከትላል። ቢ የተባለው ምድብ በጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚታይ ሲሆን፣ አንጎልንና የስብ ሕብረ ሕዋስን ጭምር ስለሚነካ እንስሳቱን ያንቀጠቅጣቸዋል።

ይህ ግኝት ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለቆየ አንድ የሰው ልጅ ሕመምም መልስ አስገኝቷል። ዴንማርካዊው ሐኪም አይናር ሲልቬስት እ.ኤ.አ በ1930 በቦርንሆልም ደሴት ደረትንና ሆድን በድንገት ቀስፎ የሚይዝ የጡንቻ ሕመም በወረርሽኝ መልክ መከሰቱን ጽፈው ነበር። የዚህ ሕመም ዋነኛ መንስኤ የቢ ምድብ ኮክሳኪ ቫይረሶች መሆናቸው የታወቀው ከዳልዶርፍ ግኝት በኋላ ነው። ይኸው ምድብ የልብ ጡንቻ ብግነትንም እንደሚያስከትል ከጊዜ በኋላ ተረጋግጧል።

ሆኖም በአይጥ ልጅ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይደገማል ማለት አይደለም። የኤ ምድብ ቫይረሶች በሕፃናት ላይ ዘወትር የሚያስከትሉት የአፍ ቁስልና በእጅ፣ በእግርና በአፍ ላይ የሚወጣ ሽፍታ እንጂ የጡንቻ መውደም አይደለም። አንድ ቫይረስ በታማሚ ሰገራ ውስጥ መገኘቱም ብቻውን የሽባነቱ መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ፖሊዮ በተስፋፋበት ወቅት ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ሕፃን አካል ውስጥ በአንድነት ሊገኙ ይችሉ ነበር።

መንስኤውን ለይቶ የማወቁ ጉዳይ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1952 ብቻ ከ57 ሺህ በላይ የፖሊዮ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ፖሊዮ ካልሆነው ሕመም ፖሊዮን መለየት ለሕክምናም ሆነ የክትባትን ውጤት በትክክል ለመመዘን አስፈላጊ ነበር።

ዳልዶርፍ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ በ1959 የላስከር የሕክምና ምርምር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኬንያ በማቅናት የአፍሪካ ሕፃናትን መንጋጋ በሚያጠቃው የቡርኪት ዕጢ ላይ ከአገሪቱ ሐኪሞች ጋር አጥንተዋል። ዕጢው ወባ ዘወትር ከሚበረታባቸው አካባቢዎች ጋር ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችልም እ.ኤ.አ በ1964 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ አመልክተዋል። እ.ኤ.አ በ1979 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እርሳቸው የጀመሩት ጥናት ከሞታቸው በኋላም ቀጥሏል። እ.ኤ.አ በ1999 ይፋ የሆነ ምርምር የቢ ምድብ ኮክሳኪ ቫይረስ ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ እንደሚቆርጥ አሳይቷል። ዲስትሮፊን የጡንቻ ሕዋስ ሽፋን በእንቅስቃሴ ወቅት እንዳይቀደድ የሚደግፍ ፕሮቲን ሲሆን፣ በዘር በሚተላለፈው የዱሼን የጡንቻ መሟሸሽ በሽታ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ዛሬ ተመራማሪዎች በአይጥ ልጆች ላይ ብቻ አይተማመኑም። ከሰው ጡንቻ የተወሰዱ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አባዝተው በቫይረስ በመበከል ለውጡን ይከታተላሉ። ሐኪሞችም ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈሰውን ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይለካሉ። ይህ ምርመራ ለምሳሌ ከኢንፍሉዌንዛ በማገገም ላይ ሳለ ባቱን አሞት መራመድ ያቃተውን ሕፃን ለመለየት ይረዳል። እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ የሚለቅ ቢሆንም፣ ሽንት ከጠቆረ ከጡንቻው የፈሰሰው ንጥረ ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ታማሚው በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ አለበት።

በሰገራ ናሙና ላይ የተመሠረተው ምርመራ በኢትዮጵያም የፖሊዮ ቅኝት ዋነኛ አካል ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነና እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ሲገኝ፣ መዛሉ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ተወስደው ቅዝቃዜያቸው እንደተጠበቀ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የፖሊዮ ላቦራቶሪዎች መረብ ቫይረሱን ለማሳደግ ለዓመታት ከተጠቀመባቸው ሕዋሳት መካከል አር ዲ የሚባሉት ከሰው የጡንቻ ዕጢ የተገኙ ናቸው። በእነዚህ የጡንቻ ሕዋሳት ላይ ፖሊዮ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በአይጥ ልጆች ላይ ካልሆነ በስተቀር የማይገኙ የነበሩ አንዳንድ ኮክሳኪ ቫይረሶችም ያድጋሉ።

የአንድ ሕፃን መዛል ከነርቭ ይሁን ከጡንቻ፣ ከፖሊዮ ይሁን ከሌላ ቫይረስ የሚለየው ናሙናው በጊዜው ሲደርስ ነው። በመሆኑም የልጃቸው እጅ ወይም እግር በድንገት የዛለባቸው ወላጆች ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።