የሚጥል ሕመምን ጉዞ የተከተሉ ሐኪም፦ ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን

የሚጥል ሕመም በአንጎል ውስጥ ከየት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚዛመት በማስረዳት የሚታወቁት ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1835 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሸር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በዮርክና በለንደን ሕክምና ከተማሩ በኋላ፣ በ1862 ሽባዎችና የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት የለንደን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች መንቀጥቀጡ የሚነሣው አንጎል ከኅብለ ሠረሠር ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጃክሰን ግን አንድ ወገናቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥባቸውን ሕሙማን ተከታተሉ። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከአውራ ጣት፣ ከፊት ወይም ከእግር ጣት ይጀምራል፤ ከእጅ የተነሣው ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ፊትና ወደ እግር ይዘልቃል። ሕሙማኑ ሲሞቱ አስከሬናቸው ሲመረመር ጉዳቱ በተቃራኒው የአንጎል ወገን ተገኘ። ከዚህም በመነሣት በአንጎል የላይኛው ሽፋን አንድ ሥፍራ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በድንገትና ከመጠን በላይ ኃይላቸውን እንደሚለቁ፣ በአቅራቢያቸው ያሉትንም በተራ እንደሚቀሰቅሱ ተረዱ። እንግዲህ በአካል ላይ የሚታየው ቅደም ተከተል አካሉ በአንጎል ላይ ያለውን አቀማመጥ ይገልጻል።

ይህ ጥናት በታተመበት በ1870 ፍሪችና ሂትሲግ የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ በመንካት እያንዳንዱ ሥፍራ የራሱን ጡንቻዎች እንደሚያንቀሳቅስ በሙከራ አሳዩ። በ1886 ደግሞ ቪክተር ሆርስሊ በዚሁ ዕውቀት ተመርተው የአንድን ወጣት የአንጎል ጠባሳ በቀዶ ሕክምና አወጡ።

ዕውቀቱ ግን ለጃክሰን ቤት አልደረሰም። ባለቤታቸው ኤልዛቤት በ1876 በአንጎል የደም ሥር መርጋት ሞቱ፤ በሕመማቸው ወቅትም የያዛቸው ባላቸው ሲያጠኑት የኖሩት ያው መንቀጥቀጥ ነበር። ጃክሰን ልጅ ሳይወልዱ፣ ዳግመኛም ሳያገቡ በ1911 አረፉ።

በ1920ዎቹ ሃንስ በርገር የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠሩ፤ ይህም የሕዋሳቱን መቀስቀስ በቀጥታ ለማየት አስቻለ። ሆኖም የጃክሰን ስልት አላረጀም። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ተካሂዶ በ1990 የታተመ ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ሕመሙ ሲነሣ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው። ክብሪት ለማሽተት የሚሯሯጠው ዘመድ የትኛው አካል አስቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ ካስተዋለ፣ ለሐኪሙ የሕመሙን መነሻ ይጠቁማል፤ የሐኪሙም ድርሻ ይህን ጠይቆ መመዝገብ ነው።