የዳንግላው ቆንሲል፤ የሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሕይወት ታሪክ

ባለፈው በጋ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፣ ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ትንሽ ሸለቆ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የገደል አወራረድ ትምህርት ለመማር ሄደን ነበር። የራስ ቁር ደፍተን፣ ወገባችንን በጠፍር ታጥቀንና ገመድ ይዘን በተሰለፍን ጊዜ ወዲያው የምንወርድ መስሎን ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መውረድ አልነበረም። አሠልጣኛችን በገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጦ፣ ውሃው ከወዴት እንደሚመጣ፣ በራስጌው ዝናብ ቢጥል ደራሹ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስብን፣ ከወረድንም በኋላ በየት በኩል እንደምንወጣ ሲጠይቀን ዋለ። መውጫውን ሳያውቅ የሚወርድ ሰው ደፋር ሳይሆን ሞኝ መሆኑን አስረዳን። ከእኛ አንዳንዶቻችን ግን ቀኑ በከንቱ አለፈ ብለን አጕረመረምን።

ከተመለስን በኋላ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ምን እንደምንጽፍ ስንመካከር፣ ይህንኑ ትምህርት ከእኛ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በታላቁ በዓባይ በረሃ የተማረ አንድ ሰው፣ መኖሪያውን በዚሁ በአገራችን በዳንግላ አድርጎ እንደ ነበረ ከመጻሕፍት አገኘን። ይህም ሰው የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለማቅረብ ወሰንን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን በ1878 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኬንት በሚባለው አውራጃ ተወለደ። በዚያም በገጠር አድጎ ከልጅነቱ ጀምሮ ወፎችንና አራዊትን መመልከት ይወድ ነበር። እኅቱ ኤቭሊን ቺዝማንም እንደ እርሱ ፍጥረትን መርማሪ ነበረች፤ በኋላም በለንደን የአራዊት መጠበቂያ የነፍሳት ክፍል ኀላፊ ሆና፣ እስከ ኒው ጊኒ ደሴት ድረስ ብቻዋን እየተጓዘች ነፍሳትን ሰብስባለች። ወንድሟ በዋይ የእርሻ ኮሌጅ ተማረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ወታደር ሆኖ ወደ ሕንድና ወደ መስጴጦምያ ዘመተ። ጦርነቱ እንኳ ከመመልከት አላገደውም፤ በ1919 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ የበረሃ አይጥ በሳይንስ መዝገብ በስሙ ተጠራች።

ከጦርነቱ በኋላ በኢራቅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ለነበሩት ለሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ሆነ። በ1921 ዓ.ም. የዐረብን ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ ከፊሉን በካርታ አነሣ። ከ1923 እስከ 1924 ዓ.ም. ደግሞ ከኢብን ሳዑድ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በግመል እስከ ጀብሪን ድረስ ዘለቀ። ጀብሪን በታላቁ አሸዋ ዳር የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ሰዎች ያልታወቀች የውሃ ሥፍራ ነበረች። በበረሃ የሚጓዝ ሰው ሕይወቱ በመንገድ መሪው እጅ ናት፤ የውሃ ጕድጓዱን የሚያውቀው የአገሩ ሰው እንጂ ካርታው አይደለምና። ቺዝማን ወደ እኛ አገር ሲመጣ ከመሣሪያው ይልቅ የጠቀመው ይህ ትምህርት ይመስለናል።

በ1925 ዓ.ም. የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንሲል ሆኖ ተሾመና በዳንግላ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጐጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እንግሊዞች በዚህ በኩል ዐይናቸውን የጣሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የሱዳን የጥጥ እርሻ ውሃውን የሚያገኘው ከዓባይ ስለ ሆነ፣ በጣና መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ለብዙ ዘመን ሲመኙ ኖረዋል። ስለዚህ ቺዝማን የመንግሥቱ አገልጋይ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ይሁን እንጂ ከሹመቱ ሥራ ሌላ በልቡ የያዘው አንድ ታላቅ ጥያቄ ነበረው፤ ይኸውም የዓባይ ወንዝ በሸለቆው ውስጥ በየት በየት ያልፋል የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለዛሬ ተማሪ ቀላል ይመስለው ይሆናል። የዓባይን ምንጭ በሰከላ ግሽ ዓባይ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. አይተው ጽፈዋል። የታችኛውም ወንዝ በሱዳን የታወቀ ነበር። መካከሉ ግን በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ የተሣለ ነበር። ዓባይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ እየዞረ ጐጃምን በሦስት ወገን ከቦ እስከ ሱዳን ጠረፍ ይወርዳል። ሸለቆውም በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 1,500 ሜትር ይጠልቃል። በ1903 ዓ.ም. ማክሚላን የተባለ አንድ አሜሪካዊ በብረት ጀልባዎች ወንዙን ተከትሎ ሊወርድ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይርቅ ጀልባዎቹ በዐለት ላይ ተሰባበሩ።

ቺዝማን እንዲህ አላደረገም። በመጀመሪያ ወቅቱን ተማረ። በክረምት ዓባይ ሞልቶ መሻገሪያዎቹ ሁሉ ስለሚዘጉ፣ ጕዞ የሚጀመረው ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ከጐደለ በኋላ ነው። ሁለተኛም በሸለቆው ወለል ወንዙን እየተከተሉ መሄድ የማይቻል መሆኑን ተረዳ፤ በብዙ ቦታ ገደሉ ቀጥ ብሎ ከውሃው ውስጥ ይገባልና። ስለዚህ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ በደጋው አፋፍ ላይ ይጓዝ ጀመር። መውረጃና መውጫ ባለበት ሥፍራ ሲደርስም ወደ ወንዙ ወርዶ ቦታውን ያያል፤ አቅጣጫውንም ይመዘግባል፤ ተመልሶም ወደ ደጋው ይወጣል። ከዚያም አፋፉን ይዞ ወደሚቀጥለው መውረጃ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ነጠብጣቡን በመሥመር ተካው።

ስለ መለኪያውም ጥቂት እናስረዳ። የዚያ ዘመን አሳሾች አቅጣጫን በኮምፓስ፣ ከፍታን ደግሞ ውሃ በማፍላት ያውቁ ነበር። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው በዳንግላ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንድ ማሰሮ ውሃና አንድ ቴርሞሜትር የተራራውን ቁመት ይናገራሉ ማለት ነው። ይህንን በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ማንም ተማሪ ሊያደርገው ይችላል።

ነገር ግን መውረጃው በየት እንዳለ ኮምፓስም ቴርሞሜትርም አይናገሩም። ይህንን የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በተነፋ ስልቻ ተደግፈው አዞ ባለበት ውሃ የሚሻገሩ ዋናተኞች፣ ጨውና ቡና ጭነው ከጐጃም ወደ ወለጋ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ ከብቶቻቸውን ወደ ቆላ የሚነዱ እረኞች፣ እነዚህ ሁሉ የዓባይን በረሃ እንደ ግቢያቸው ያውቁት ነበር። በቆላው ማደር ንዳድ እንደሚያስይዝ፣ በየትኛው ሰዓት ወርዶ በየትኛው ሰዓት መውጣት እንደሚገባ ከአባቶቻቸው ተምረዋል። የበረሃው ትምህርት ቤት መምህራን እነርሱ ነበሩ፤ ቺዝማን ደግሞ ማዕርጉ ሜጀር፣ ሹመቱ ቆንሲል ቢሆንም እንደ ጀማሪ ተማሪ ከኋላቸው ሄደ። የታላቅነቱ ምስጢር ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ያየውንም በልቡ ይዞ አልቀረም። በ1928 ዓ.ም. ስለ ላይኛው ዓባይ የጻፈው ጽሑፍ በለንደን የንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ቀጥሎም የጣናን ዳርቻና ደሴቶች እየዞረ ገዳማቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን ጐበኘ። በ1934 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በዚያው ዓመት የጂኦግራፊው ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ይህ ዓመት ለእኛ አገር የኀዘን ዓመት ነበረ፤ አዲስ አበባ በኢጣልያ ጦር የተያዘችው በዚህ ዓመት ነውና።

በ1940 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት በገጠመች ጊዜ፣ ቺዝማን ስድሳ ዓመት አልፎት ሳለ እንደ ገና ተጠራ። በካርቱም ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚሰበስበውን ክፍል መራ። ቀድሞ በበቅሎ የዞረባቸው መንገዶች አሁን ለጐጃም አርበኞችና ከሱዳን ለሚገባው ጦር የሚያስፈልጉ ሆኑ። በ1941 ዓ.ም. በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሄደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጐጃም አልፈው በግንቦት ወር አዲስ አበባ ገቡ። በ1942 ዓ.ም. ቺዝማን በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን አማካሪ ሆኖ ሠራ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1962 ዓ.ም. በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላም ብዙዎች ወደ ሸለቆው ወርደዋል። በ1968 ዓ.ም. ሰባ ያህል ሰዎች ያሉት የእንግሊዝ ቡድን በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ፣ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ይህንን ስናነብ የአሠልጣኛችን ትእዛዝ ትዝ አለን፤ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ በማይፈታ ቋጠሮ መታሰር ክልክል ነው ብሎ ነበር። በአፋፍ ላይ ያዳነ ገመድ በጎርፍ ውስጥ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ትዕግሥትን እንማራለን። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ልባችንን ነካው። መውረጃዎቹን ያውቁ የነበሩት አባቶቻችን ሲሆኑ፣ በመጽሐፍ የጻፈው ግን የእንግዳ አገር ሰው ነው፤ ሜዳዩም ለእርሱ ሆነ። ቺዝማንን ስለዚህ አንወቅሰውም፤ ጠየቀ፣ ተማረ፣ ጻፈ። ጕድለቱ ባለመጻፋችን ነው። ዛሬ ደግሞ ጊዜው ጠበበ። ሥራው በ2011 ተጀምሮ በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ የሸለቆውን ታችኛ ክፍል ሸፍኖታል። በግድቡ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ይለናል፤ ሆኖም ከውሃው በታች የቀሩት መሻገሪያዎች ስማቸውና ታሪካቸው የሚገኘው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች፣ ከእኛ በታች ላላችሁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ አደራ እንተዋለን። በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱና፣ በአዊኛም ሆነ በአማርኛ፣ በየት በኩል ይወርዱ፣ በየት ይሻገሩ፣ በየት ይወጡ እንደ ነበረ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ለዚህ ገመድም በቅሎም አያስፈልግም። እኛም በትንሹ ሸለቆ ያን የመጀመሪያ ቀን ያጕረመረምነው በከንቱ እንደ ነበረ አሁን ገባን፤ ተቀምጦ መጠየቅ ራሱ የአወራረዱ መጀመሪያ ነበርና።