በመኪና ዕጢ ጭኖ ፋብሪካ የሄደው ሐኪም

አልትራሳውንድ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ነፍሰ ጡርና ያ ጥቁርና ነጭ የፅንስ ፎቶ ነው። የኢያን ዶናልድን ሕይወት ስታነቡ ግን ቀድሞ የሚመጣው ዕጢ ነው።

ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱን በከፊል ደቡብ አፍሪካ አሳልፎ ሕክምና ለንደን ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ሐኪምነት ሲያገለግል ከሚቃጠል አውሮፕላን ሰው አውጥቶ ተሸልሟል። ለእኔ ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው እዚያ የተዋወቃቸው ራዳርና ሶናር ናቸው። ሞገድ ልከህ፣ ተመልሶ በሚመጣው ማሚቶ የተደበቀውን ታገኛለህ።

በ1954 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በቀዶ ሕክምና የወጡ የማህፀን ዕጢዎችና የኦቫሪ ሲስቶች በሁለት መኪና አስጭኖ ሬንፍሩ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ለማነፃፀሪያ ሙዳ ሥጋም ቀረበ። (የፋብሪካው ጥበቃ ምን ብሎ አስገባቸው ይሆን?) ውኃ የቋጠረው ሲስትና ድፍኑ ዕጢ የሚመልሱት ማሚቶ የተለያየ ሆኖ ተገኘ።

ቶም ብራውን ከተባለ ወጣት መሐንዲስና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር መሣሪያውን ለሰው እንዲሆን አድርገው ሠሩት። መጀመሪያ ብዙ ሰው አላመነባቸውም። ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ሆዷ ተነፍቷል፤ የማይድን የጨጓራ ካንሰር ነው ተብላ ተስፋ ተቆርጦባታል። የዶናልድ መሣሪያ ያሳየው ግን በከረጢት የታጠረ ፈሳሽ ነው፤ ትልቅ የኦቫሪ ሲስት። ሲስቱ ወጣ፣ ሴትየዋ ዳነች። በ1958 ሦስቱ ሥራቸውን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ፤ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ የሚናገረው ስለ ሆድ ዕጢዎች ነው።

ዛሬም አንዲት ልጅ ሆዷን ስታም ኦቫሪዋ ከተጠረጠረ መጀመሪያ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ከኤምአርአይም በጣም ይረክሳል። በልጆች ላይ የኦቫሪ ዕጢ ብዙ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥምም አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ቴራቶማ የሚባለው ዓይነት ውስጡ ስብ፣ ፀጉር፣ አንዳንዴ ጥርስ ሳይቀር ይገኝበታል። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ የሚጠይቀው ያንኑ የሬንፍሩን ጥያቄ ነው፦ ውኃ ነው ወይስ ድፍን? ድፍኑ ከበዛ ጥርጣሬው ይጨምራል፤ የደም ምርመራና ኤምአርአይ ይከተላሉ። ዕጢ የከበደው ኦቫሪ ከተጠማዘዘ ደግሞ ደም ይቋረጥበታል፤ ሕመሙም ትርፍ አንጀት ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ መሳሳት ካንሰር ማሳለፍ ነው፤ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሊተርፍላት የሚችል ኦቫሪ በከንቱ ቆርጦ ማውጣት።

ሽንትሽን ይዘሽ ቆዪ የሚባለውም ነገር ከዶናልድ ጋር ይያያዛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሞላ ፊኛ አንጀትን ገፍቶ ከኋላው ላሉት አካላት እንደ መስኮት እንደሚያገለግል አሳየ። ለአዋቂ ሴቶች በብልት በኩል የሚገባ መመርመሪያ ከመጣ ቆይቷል፤ ለልጆች ግን ያ አይሆንም። ስለዚህ ውኃዋን ጠጥታ ትጠብቃለች።

ዶናልድ ራሱ የልብ ሕመምተኛ ነበር። ተደጋጋሚ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በ1987 በ76 ዓመቱ ሞተ።